ከወይራው ሥር የበቀሉት

ሐምሌ 21፣ ጠዋት 1፡30

ቆቡ ከመዳፌ ይሰፋል። ነጭ፣ አናቱ ላይ ቡናማ ቅርፊት። ግንዱ ላይ ቀለበት። ከቆቡ ሥር ያሉት ስስ ንጣፎች ጥርት ያሉ ነጭ። ሽታው ደስ ይላል። ቁርስ ገና አልቀመስኩም።

ደብተሬ፣ ክረምቱን ሙሉ እንጉዳይ ፍለጋ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ጭቃ ሳቦካ የከረምኩት ሰውዬ፣ እንጉዳዩ በአከራዬ ነጠላ ተቋጥሮ ደጄ ድረስ መጣልኝ! እትዬ አስካለ (ለአንተ እ.አ. ይበቃሃል) ከኪዳን ሲመለሱ ከቤ/ክ ጓሮ፣ ከወይራው ሥር ለቅመውት። በየዓመቱ ከዚያው ቦታ ነው አሉ። ለፍልሰታ ጾም ወጥ ይሠሩታል። ዘንድሮ ድስቱ ትልቅ ይሆናል፤ ከፒያሳ ተነሥተው ከተማ ዳር የገቡት የድሮ ጎረቤቶቻቸው ለማስቀደስ መጥተው አብረው ይበላሉ።

ይህ የሚበላው መሆኑን በምን አወቁ ብዬ ጠየቅኩ። ሳቁብኝ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ የበቀለ ምን ያደርጋል፣ ጴንጤ ስለሆንክ ነው የምትፈራው አሉኝ። ሁለት ለምኜ ወሰድኩ። የአንዱን ቆብ ጥቁር ወረቀት ላይ ደፍቼ ብርጭቆ ከደንኩበት። ከሌላው ለዲ ኤን ኤ ቆረስኩ።

ሐምሌ 22፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት

ስፖሩ ረግፏል። የእንጉዳይ ዘር ነው፣ እንደ ዱቄት የላመ። ነጭ! መርዛማው ዘመዱ የሚያረግፈው አረንጓዴ ነው። ይህ እንግዲህ የሚበላው መሆኑ ነው። ደስ ብሎኝ ሮጬ ለእ.አ. ነገርኳቸው። መች ጠየቅኩህ አሉኝ።

አራት ኪሎ፣ ላብራቶሪ። ባልደረባዬ ሰናይት ተቆጣችኝ፤ ዲ ኤን ኤው ሳይነበብ አፍህን አትክፈት አለች። ከቁራሹ ዲ ኤን ኤ አወጣን፣ አባዛን። መብራት ሳይጠፋ አለቀ፣ ተመስገን። ለንባብ ውጭ አገር ተላከ። መጠበቅ እጠላለሁ።

ነሐሴ 3፣ ከሰዓት 9፡00

ውጤት መጣ። ደጋግሜ አነበብኩት። ዲ ኤን ኤው መርዛማው ነው ይላል፣ አረንጓዴ የሚያረግፈው። ወረቀቴ ላይ ያለው ደግሞ ነጭ ነው። እንዴት? ቱቦ ተቀያየረ? ቆሸሸ? ምሳዬን ትቼ ሁሉንም ከስር ጀምሬ አየሁ። ምንም።

ሰናይት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ስፖር ያረገፈው ቆብና የተቆረሰው እንጉዳይ አንድ ናቸው? አይደሉም።

አንድ ቦታ ስለበቀሉ፣ አንድ ነጠላ ውስጥ ስለመጡ፣ አንድ ናቸው ብዬ። እኔ ነኝ የተማርኩት! ግን ደብተሬ፣ ላንተ አልደብቅህም፣ ደስም ብሎኛል። አንድ ወይራ ሥር ሁለት ዝርያ፣ ልጅነታቸው ተመሳሳይ፣ ትከሻ ለትከሻ። ማን አየው?

ከዚያ ትዝ አለኝ። እ.አ. የሚያበሉት እሑድ ነው። ይበላል ያልኩትም እኔ ነኝ።

ነሐሴ 3፣ ማታ 1፡00

ነገርኳቸው። አልሰሙኝም። ዓመት በዓመት በልተን ማን ታመመ አሉ። የሚያስመልሰው፣ የሚያስቀምጠውስ አልነበረም? አልኳቸው። ፊታቸው በራ። እሱማ ጸበሉ ነው! በፍልሰታ ጸበል ይጠጣሉ፤ ያስመለሰው ሰው ጠራ ይባላል፣ ይመሰገንበታል። አምና ከምሳው በኋላ ብዙዎቹ ጠርተዋል።

መርዙ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግን ይህን ነገር ከእኔ አፍ እንዴት አወጣዋለሁ? ሌላ ሰው ቢለው ምክር ነው። እኔ ስለው የሃይማኖት ክርክር።

«ጸበላችንን መርዝ ልትለው ነው?» አሉኝ።

ጸበሉን አልነካሁም እትዬ፣ ወጡን ነው አልኳቸው። በሩን በላዬ ላይ ዘጉት።

ነሐሴ 4፣ ጠዋት 2፡00

ሲያንኳኩ ከእንቅልፌ ነቃሁ። ነጠላቸው ውስጥ አዲስ እንጉዳይ። ሰላምታ የለም። እንዳሳያቸው ብቻ ፈለጉ። እያንዳንዱን ቆብ ለብቻው ደፋን። ወረቀቱ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር፤ የትኛውም ቀለም እንዳያመልጥ። ብርጭቆ አነሰ። የእሳቸውን የእንግዳ ብርጭቆ አመጡ።

ነሐሴ 5፣ ጠዋት

ብርጭቆዎቹን እሳቸው አነሡ። ነጭ። ነጭ። ቀጥሎ ደብዛዛ አረንጓዴ፣ እንደ ደረቀ ጌሾ። ነጭ። አረንጓዴ። በጣታቸው ነክተው አዩት። ቆቦቹን ገልብጠው አስተያዩ። ከሥር ያሉት ንጣፎች አሁንም ያው ነጭ። እሑድ ምስርና ጎመን ይሠራል አሉ። ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝ።

አልሄዱም። ተቀመጡ። ጥሩነሽ ስለምትባል የልጅነት ጓደኛቸው አነሡልኝ፤ ስሟን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ግድግዳ ተጋርተው ነው የኖሩት። አምና ከዚያ ምሳ በኋላ ሲያስመልሳት አደረ፣ በማግስቱ አረፈች። ጠርታ ሄደች፣ ታድላ ተብሎ ተለቀሰ። እ.አ.ም የተጽናኑት በዚሁ ነው። በእጃቸው ያጎረሷት እሳቸው ናቸው።

እሱ ነው? አሉኝ።

አላውቅም አልኩ። እሳቸው እንዳሉኝ አርጅታ ነበር፣ ጾም ላይ ነበረች፣ ልቧም ደካማ ነበር። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ወደ ቤታቸው ገብተው ጣሳ ይዘው ተመለሱ። የአምናው እንጉዳይ፣ ድስት ሳይገባ የተረፈው፣ በክር ተሰክቶ የደረቀ። ይኼንንም አንብብልኝ አሉ።

ነሐሴ 5፣ ከሰዓት 10፡00

ጣሳው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የደረቀ እንጉዳይ ዲ ኤን ኤ ይሰጣል፣ እንዲያውም በደንብ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላውቅ ማደር የማልችል ሰው፣ ይህን ማወቅ አልፈልግም። የሚበላው ቢሆን እንኳ ድስት የገባውን አይነግረንም፤ አያሳርፋቸውም። መርዛማው ከሆነ ግን… ሻግቷል፣ አልተነበበም ልበላቸው? ማን ያውቅብኛል? ሰናይት እንኳ ታምነኛለች።

ጠዋትም ይህንኑ ሳስብ ፊቴ ላይ ሳይታይ አልቀረም። ጣሳውን ሰጥተውኝ ከበሩ ሳይወጡ ዞር ብለው፣ «ያጎረስኳት እኔ ነኝ። አንተ አትወስንልኝም» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ከእያንዳንዱ ቆረስኩ። ቱቦዎቹ ተደርድረዋል። ሰኞ እጀምራለሁ። ውጤቱ ሲመጣ ቀድሜ አልከፍተውም፤ ላብራቶሪም ሆኜ አላየውም። ወደ ቤት ይዤው መጥቼ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬያቸው እከፍተዋለሁ።