ያልሰጠኸኝ ብረት

ውድ ወንድምዓለም፣

እንደ ወትሮው ጤናህን ጠይቄ ወሬ ካበዛሁ ፈርቼ ልተወው ስለምችል፣ ዛሬ በቀጥታ ልግባበት።

ባለፈው ሳምንት እኔ የምሠራበት የአካል ጉዳተኞች ማገገሚያ አንድ እጁን ያጣ የቀድሞ ወታደር መጣ። ጢሙ ሸብቶ ጫማውን ሚስቱ ናት የምታስርለት። የማሰሪያውን አንድ ጫፍ ቋጥሮ ታችኛው ቀዳዳ ላይ ማስቀረት፣ ሌላውን እያዟዟሩ ወደ ላይ መሳብ፣ ትርፉን መወተፍ አስተማርኩት። በሦስተኛው ሲሳካለት «ይሄን የፈለሰፈው ሰው እጁ ይባረክ» አለ። ወንድሜ ነው አልኩት፤ በአሥራ አንድ ዓመቱ ግራ እጁን ቀበቶው ውስጥ ሸጉጦ ወር ሙሉ ተለማምዶ ነው ያስተማረኝ። «ታዲያ አሁን የት ነው?» ሲለኝ ሌላኛውን ጫማ አቀረብኩለት።

የት እንዳለህማ አውቃለሁ። አባዬ ዓይኑን አልይ ብሎ አክስታችን ቤት ከሰደደህ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነህ። በደወልክ ቁጥር ያን ብረት ቤት በማስገባትህ ይቅርታ ትጠይቀኛለህ፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ እልሃለሁ። ሰውም ደግ ልብ አላት ይለኛል። ደግ ልብ!

ውጊያው ካለፈ በኋላ ሜዳ ላይ ያገኘኸውን ብረት ለአባዬ ልታሳየው ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጠህ፣ እንዳልነካው ነግረኸኝ ነበር። ወንበር ላይ ወጥቼ አውርጄ በድንጋይ ቀጥቅጬ ያፈነዳሁት እኔ ነኝ። ሆስፒታል አባዬ ማን ሰጠሽ ሲለኝ ግን ቁጣውን ፈርቼ «እሱ፣ ተጫወቺበት ብሎ» አልኩ። አንተ አልጋው ግርጌ ቆመህ ሰማህ። እጄ የተቆረጠበትን የተጠቀለለ ክንዴን አየህና ዝም አልክ። የሰባት ዓመት ልጅ ቁጣ እንዳይደርስባት ብለህ ቤትህን አጣህ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ማደሩን አበዛው እንጂ። ወታደሩን በሸኘሁ ዕለት ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። አባትሽ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ብላ ሻንጣ አወረደች። ጉልበትሽን ያምሻል ብላት «ልጄ ሲሄድ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ሄጄ አንኳኳለሁ» አለችኝ።

ወንድምዓለም፣ ይቅር ባይዋ እኔ አይደለሁም፣ አንተ ነህ። ይቅር ብትለኝ ደስታዬ ነው፤ ባይሆንልህም አልቀየምህም። በአንተ ዘዴ ጫማውን ስለሚያስር ሰው ሁሉ፣ ስለዚያች ዝምታህም አመሰግንሃለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልህ እማዬ፣ እንደማውቃት፣ መጀመሪያ አንብበው ብላህ እስካሁን በሩ ላይ ቆማለች። መንገድ ሙሉ ያጠናችው ንግግር ይጠፋባታል፤ አንተ ቀድመህ እቀፋት።

እህትህ