የማላጠፋው ዓመት

አሰብ፣ መጋቢት 1963 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ከሙቀቱና ከእርስዎ ደብዳቤ በቀር ምንም አልሆንኩም። ለዲሬክተራችን ለአቶ ሸዋንግዛው የጻፉትን ማለቴ ነው። እኔን ሳይጠይቁ በስሜ ይቅርታ ለመኑልኝ። ሰውየውም መምህራን በተሰበሰቡበት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። አባቴ፣ ተናድጃለሁ።

ባለፈው ባጭሩ የጻፍኩልዎን ነገር አሁን በሙሉ ይስሙት። በላሊበላ ቋጥኝ እየተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ይታነጽ ስለነበረበት ዘመን ሳስተምር “1192 ዓመተ ምሕረት” ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ሃዋ የምትባል የአፋር ልጅ እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ እኛ ያን ዓመት አልነበርንም እንዴ?”

የእሷ ወገኖች ዓመት የሚቆጥሩት በሒጅራ ነው። ከዚያ ከልጆቹ ጋር ሆነን ያንኑ ዓመት በየአቆጣጠሩ ፈለግነው። በሒጅራ 596 ሆነ፤ በፈረንጆቹ 1200፤ ግብጾቹ በሚቆጥሩት በዓመተ ሰማዕታት ደግሞ 916። መባቻቸው ቢለያይም ሰዉ የኖረበት ዘመን ያው ነው። ሁሉንም በክፍሉ ግድግዳ ላይ በዘይት ቀለም ጻፍናቸው።

አቶ ሸዋንግዛው አይቶ፣ “ፈተና ላይ የሚመጣው አንዱ ነው፤ ሌላውን በኖራ አጥፊው” አለኝ።

“አላጠፋም።”

“እንግዲያው ወደዚያች የባሕር ዳር መንደር፣ ወደ ጥዖ ትዛወሪያለሽ።”

ይህን የጻፍኩልዎ እንዲያውቁት እንጂ እንዲለምኑልኝ አልነበረም። ይቅርታዎ በደረሰ ማግስት ክፍሌ ድረስ መጣና፣ “አባትሽ ጨርሰውልሻል፤ በይ ቀቢ” ብሎ የኖራውን ባልዲ አቀበለኝ። ቡርሹን አነሳሁ፤ አልዋሽዎትም። ቀና ስል ከሁሉም በላይ ያለው 6692 ነው፣ ያው ዓመት ከዓለም ፍጥረት ሲቆጠር፣ የእርስዎ ዓመተ ዓለም። “ለሴት ልጅ ባሕረ ሐሳብ ምን ያደርግላታል?” ሲሉዎት ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው፣ ጣቶቼን ይዘው ያስቆጠሩኝ። ያንን በየትኛው እጄ ላጥፋው? የሃዋን አጥፍቼ የእርስዎን ብተወውስ ምን ዓይነት አስተማሪ ነኝ? ባልዲውን እግሩ ሥር አስቀመጥኩለት።

ደብዳቤዎን ከእጁ ተቀብዬ በሾፌሩ በይመር መልሼ ልኬልዎታለሁ። አሁንም ታዘዢ የሚሉኝ ከሆነ፣ “6692ን አጥፊ” ብለው በገዛ እጅዎ ይጻፉልኝ፤ ያኔ ሁሉንም እቀባለሁ። እንደማይጽፉት ግን አውቃለሁ። ጥዖ ይላኩኝ፤ እዚያም ግድግዳ አይጠፋም።

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣ ይቅርታ ግን ሳልጠይቅ፣

ልጅዎ አሰጋሽ