ለብርቄ የቆጠርኩት ኮከብ

ደባርቅ፣ ኅዳር 14 ቀን

ዛሬ የልጄ የብርቄ ሙት ዓመት ነበር። ጎረቤት ከተበተነ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ መብራት ስለጠፋ ደጅ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ሆኗል።

ብርቄ በዚህ ሰዓት "እማዬ፣ ነይ እንቁጠር" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ "ኮከብ የቆጠረ እጁ ላይ ኪንታሮት ይወጣበታል፤ ማን ያገባሻል?" ብዬ ወደ ቤት አስገባት ነበር።

"እንግዲያው አንቺ ቁጠሪልኝ፤ አንቺ እንደሆን አግብተሻል!" ብላ ትስቅብኛለች። አንድም ቀን አልቆጠርኩላትም።

ዛሬ በጣቴ እየጠቆምኩ ቆጠርኩ። መቶ ሳልደርስ ጠፋብኝ፤ እንደገና ጀመርኩ። ይህን ሁሉ የዘረጋ አምላክ ለእሷም ቦታ አያጣም ብዬ ሳስብ፣ ዓመት ሙሉ የጨነቀው ደረቴ ትንሽ ላላ አለ። ይህን ሰላም አብረን ልናገኘው ስንችል ለእጇ ብዬ ከለከልኳት።

ኪንታሮቱም ይውጣብኝ።