ሻሼን የጠራት ሌባ

ለወንድምጋሼ ሄኖክ፣

ቡታጅራ ሆኜ ደቡብ አፍሪካ ደርባን ያለውን ትራስህን ላስተካክልልህ ብችል ደስ ባለኝ። ጤናህ እንዴት ነው? ጨጓራህስ ተሻለህ? በሰዓቱ ትበላለህ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። እኔ ደግሞ ሰሞኑን ብቻዬን እየሳቅሁ ነው፤ ምክንያቱን ስማ።

አምሀን መቼም አትረሳውም፤ የአስተማሪው ልጅ፣ ካንተ ጋር ጊታር ይለማመድ የነበረው፣ በአንድ እግሩ ቦቲ በሌላው ሸበጥ አድርጎ፣ ጀርባውን ለሕዝብ ሰጥቶ ሮክ የሚዘፍነው። በመጀመሪያ ካሴቱ አገር ካወቀው በኋላ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ለካ ሁለተኛም አውጥቶ ኖሯል፤ የሰማው ሰው ግን ብዙ አይደለም። በርበሬ ልገዛ ቆሼ ገበያ ወርጄ አንድ ሱቅ ውስጥ አየሁትና፣ ድሮ እወደው ስለነበር ገዛሁት።

ቤት ገብቼ ስከፍተው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ክው አልኩ። «ሻሼ ነይ፣ መሸ፣ ግቢ» ይላል። ያንተ ዘፈን ነው! ላማችን ሻሼ ለመንገድህ ስትሸጥ በረት ውስጥ ተቀምጠህ ያወጣኸው። እማዬ ማታ ማታ የምትጠራበትን ዜማ እንኳ አልቀየረም። ሽፋኑ ላይ «ግጥምና ዜማ አምሀ» ተብሎ ተጽፏል። ላም መሆኗን ስላልነገርከው ቆንጆ ልጅ መስላው፣ «ሻሽሽን ፍቺልኝ» የሚል ከራሱ ጨምሯል። ግንባሯ ነጭ ስለሆነ ሻሼ እንዳልናት ከየት ይወቅ? መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አንጀቴ አረረ። አንተ እዚያ ጊታር መንካት ትተሃል፣ እሱ እዚህ በእንባህ ይዘፍናል። ሳልበቀለው እንደማልቀር ለራሴ ማልኩ።

ለመስቀል አገሩ ሁሉ ሲገባ ኳስ ሜዳው ላይ ሊዘፍን መጣ። እኔም የሻሼን ጥጃ መስቃን ካለው በረታችን ነድቼ አመጣኋት። አሁን ትልቅ ላም ሆናለች፤ እማዬ በእናቷ ስም፣ በዚያው ዜማ ነው የምትጠራት። መድረኩ መሬት ላይ የተነጠፈ ሸራ ነበርና ከፊት ከሕዝቡ ጋር ይዣት ቆምኩ። አምሀ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶ በድምፅ ማጉያው «ሻሼ ነይ» ሲል ገመዷን ለቀቅሁላት። ቀጥ ብላ ሄዳ ማጅራቱ ስር «እምቧ» አለችበት። ጊታሩን ጥሎ ዘለለ። ማይኩን አንስቼ፣ «ሻሼ ይቺ ናት፣ ሻሿን ፍታላት። ዘፈኑ የወንድሜ የሄኖክ ነው» አልኩ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ ሽማግሌ ላከ። ይቅርታዬን ከፈለገ አዲስ አበባ ሄዶ ሽፋኑ ላይ ስምህን ያሳትም ብዬ መለስኳቸው። በየሄደበት ልጆች «እምቧ» ሲሉት በዓሉ ሳያልቅ ከከተማው ወጣ። እንዳይታወቅ ብሎ ሁለቱንም እግሩን አንድ ዓይነት ጫማ አድርጎ ነው አሉ የሄደው። አላዘንኩለትም።

በቀሌ ግን ገና ግማሽ ነው። እማዬ ያን ቀን ከአጠገቤ ነበረች፤ ሰው ሁሉ ሲስቅ እሷ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ቤት ስንገባ፣ «የልጄን ዘፈን መጀመሪያ ከሌባ አፍ ሰማሁት» አለችኝ። ስለዚህ ጊታር ተዋስና በካሴት ቀድተህ ላክልን። ያኔ ነው የምረካው።

አብሮህ ለሚኖረው ለሙሀመድአወል ሰላም በልልኝ፤ እናቱ ወይዘሮ ከድጄ ደህና ናቸው በለው። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ታናሻችን ሩት እጅ ትነሳለች። ሻሼም በረት ሆና የዘፈኑ ባለቤት እስኪጠራት ትጠብቃለች።

እህትህ ሊዲያ
ቡታጅራ፣ መስከረም 28 ቀን 1996 ዓ.ም.