ገመዱ ወይስ የአባዬ እግር

ጥር 9

ውሃ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። በርሜሎቹም ሞሉ። ሌላ ምን… ቅዳሜ ስለሆነ የታክሲ ሰልፍ የለም፣ መገናኛ የለም፣ ቢሮ የለም። ደስ የሚል ቀን ነው ማለት ይቻላል።

ከሰዓት አባዬ ጎልፍ መኪናውን አስነስቶ ዳቦ ሊገዛ ሄደ። ዳቦ ቤቱ እዚሁ ጉራራ፣ ከበራችን ብዙም የማይርቅ ነው። ግን እሱን ማን ይናገረዋል? ሲመለስ ግራ ጉልበቱን ያሻል።

«ፍሪሲዮኗ ከብዳለች» አለኝ፤ ማርሽ ሲቀይር በግራ እግሩ የሚረግጣትን ፔዳል ማለቱ ነው። ሰሞኑን ይቺን ነገር ደጋግሟታል።

«ምን ያህል?»

«ድንጋይ የመርገጥ ያህል።»

ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ምን ልበለው? ልብሱን ማስጣቴን ቀጠልኩ።

ጥር 16

ኪዳነ ምሕረት። እንደ ወትሮው አባዬ መኪናዋን አሙቆ እትዬ ወለተጊዮርጊስን ከበራቸው አነሳ። ጎረቤታችን ናቸው። ዳገቱን በእግራቸው መውጣት ካቃታቸው ጀምሮ በወር በወሩ እንጦጦ የሚያደርሳቸው እሱ ነው። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ጠመዝማዛ ላይ እንጨት የጫኑ አህዮች መንገዱን ዘጉት። ቆመ። ሊነሳ ሲል ጠፋችበት። አስነሳት። ደግማ ጠፋች። ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ከኋላችን የነበረው ሚኒባስ ጥሩምባውን ለቀቀው። እትዬ «ኪዳነ ምሕረት፣ አንቺው ያዣት» አሉ። ድንጋጤም የለባቸው፣ ሥራዋን የሚያስታውሷት ነው የሚመስሉት። እኔ ግን የበሩን እጀታ ጨምድጄ ይዤ ነበር።

እንደምንም ወጣን። 

ማታ ማቲዎስ ደወለ። ታናሽ ወንድሜ ሆኖ እንደ ታላቅ ነው የሚያዘኝ።

«እንዴት ነበር?»

ደህና ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ነገርኩት። ለምን ነገርኩት? ስለፈራሁ ነዋ።

ጥር 17

ማቲዎስ ከሚኖርበት ከአያት ሰፈር ድረስ መጣ። ምሳ እስኪነሳ ጠበቀ እንጂ ከገባ ጀምሮ አፉን በልቶታል።

«አባዬ፣ እግርህ ደክሟል። መኪናዋ ትሸጥ።»

አባዬ ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቴሌቪዥኑ ከተገዛ ጀምሮ ከላስቲኩ ያልወጣ ሪሞት ነው። ቁጥሮቹ በላስቲኩ ውስጥ አይታዩም፣ በግምት ነው የምንነካው።

«ገመዱ ቃሉን ሳይሰጥ እግሬ ላይ ትፈርዳላችሁ?»

ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበር። ዳኛ ሆኖ አያውቅም። እቤት ግን ከእሱ በላይ ዳኛ የለም።

«የምን ገመድ?» አለ ማቲዎስ።

«የፍሪሲዮኑ። እሱ ነው የከበደው።»

ተጨቃጨቁ። ሻይ አፈላሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ተስማሙ፦ ገመዱ ይቀየራል። የካቲት 16፣ የዓመቱ በዓል ቀን፣ አባዬ እትዬን ይዞ ዳገቱን ይወጣል። ከወጣ ማቲዎስ ሁለተኛ የመኪና ነገር አያነሳም።

«ካልወጣሁ ቁልፉን ራሴ አስረክባለሁ» አለ አባዬ።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ብጠየቅስ? እንዲሸነፍ አልፈልግም። ዳገት ላይ ሰው ጭኖ ወደ ኋላ እንዲንሸራተትም አልፈልግም። የቱን እንደምመርጥ እንጃ።

ጥር 20

ወደ መካኒካችን ወደ ሚሊዮን ጋራዥ ሄድን። ሚሊዮን ኮፈኑን ከፍቶ እጁን እስከ ክንዱ አስገባ። አባዬ ጀርባውን በእጆቹ ይዞ ከላዩ ቆመ።

«ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። የውስጡ ሽቦ ተበጣጥሷል። ሽፋኑ ውስጥ እየታነቀ ነው የከበደዎት።»

አባዬ ወደ እኔ ዞሮ «ሰምተሻል?» አለኝ። ሰምቻለሁ።

ይኼኛው ገመድ እንደ ሌሎቹ በዳዶ የሚጠብቅ አይደለም አለ ሚሊዮን። ራሱን ነው የሚያስተካክለው። መሃሉ ላይ ውስጧ የሚለጠጥ የብረት ሞላ ያለባት ወፈር ያለች ነገር አለች። ፍሪሲዮኑ እየሳሳ ሲሄድ እሷ በዚያው ልክ እየተሳበች ታካክሳለች።

«ነጂው አይሰማውም?» አልኩት።

«ምኑን ይሰማዋል። እሷ እያካካሰች ነዋ። የሚሰማው መጨረሻው ላይ ነው።»

ጥር 23

ሶማሌ ተራ። ስንት ሱቅ ዞርኩ… ሁሉም ዳዶ ያለውን ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። አንዱ ጭራሽ «ራሱን የሚያስተካክል ነገር አይታመንም» ብሎ መከረኝ። የአባዬ ትእዛዝ ግን ግልጽ ነበር፤ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራትን። ማምሻውን አገኘሁ። ከነላስቲኩ፣ አዲስ። አባዬ እንደ ሕፃን ታቅፎት ገባ።

ጥር 25

ገመዱ ገባ። ማቲዎስም ሊያይ መጥቷል።

ወፈር ያለችው ቦታ በቀይ ማሰሪያ ጥብቅ ተደርጋ ታስራለች። ሚሊዮን ነካ አድርጎ ተዋት።

«ከፋብሪካው እንደመጣች ናት። አትነካም።»

«አዎ፣ አዲስ እቃ ከነክብሩ ነው» አለ አባዬ። በዚህ እንኳን ተግባብተዋል።

ሞተሩ ሳይነሳ ሚሊዮን ፔዳሉን ረገጠ። «ቅቤ» አለ። አባዬም ረገጠ፣ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት። አስነሳ። አንደኛ ሊያስገባ… ክርርር። ደገመ። ክርርር። ጥርሴን ነው ያሳከከኝ።

«እስከ ታች ርገጠው አባዬ» አለ ማቲዎስ።

«ረግጫለሁ።»

«አልረገጥክም።»

«ረግጫለሁ አልኩ።»

ሚሊዮን አንገቱን ሰገግ አድርጎ የአባዬን እግር አየ። «ጋሼ፣ ትንሽ ጠንከር ቢያደርጉት። አዲስ ነው፣ ሲለምድ ይስተካከላል።» ልሞክረው ቢል አባዬ ከመሪው አልወርድም አለ። እንደምንም ማርሹ እየጮኸ ገባለትና እስከ ቤት እኔና እሱ ብቻ መጣን። 

ማቲዎስ ማታ ደወለ። «አየሽ? ገመዱ አይደለም።» ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ አይደለም። እሱም አዝኗል።

ጥር 28

አባዬ መኪናዋን አያያትም። በጎኗ ሲያልፍ ወደ አጥሩ ይዞራል። እራት ላይ «ይግባኝ አትልም?» አልኩት፣ ላስቀው ብዬ።

«በገዛ እግሬ ላይ?»

አልሳቀም።

የካቲት 1

እሑድ። አባዬ ቅዳሴ ሄደ፣ በእግሩ። የጎልፏን ቁልፍ ከሚሰቀልበት አነሳሁ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ መኪናዋን ግን አይሰጠኝም። «ፍሪሲዮን ታቃጥያለሽ» ነው መልሱ ሁሌ።

ገባሁ። መሪው ሆዴን ነካኝ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል። አባዬ እኮ ከእኔ በጣም ይረዝማል። ጀርባው ላይ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ አለ። ከወንበሩ ሥር ደግሞ ስስ ሸራ ጫማ፣ የግራው ብቻ። ሶሉ ተፍቆ ወረቀት አክሏል። መቼ ነው ይኼን ሁሉ ያደረገው? ስንት ወር? አንድ ቤት ነው የምንኖረው…

ጫማውን ወደ ቦታው መለስኩ። ለማቲዎስ አልነግረውም።

ከዚያ አስነሳሁ። ፔዳሉን ባለኝ ኃይል፣ ወለሉን እስኪነካ ረገጥኩት። ክርርር። እንደገና። ክርርር። የእኔ እግር ደህና ነው። ታዲያ?

ኮፈኑን ከፈትኩ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። ቀዩዋ ማሰሪያ አፈጠጠችብኝ። ራሷን እየሳበች ታስተካክላለች አልተባለም? ታስራ በምን ትሳባለች? ደግሞ ማን ነው ሳትፈታ ትቀመጥ ያለው… ሪሞቱ ትዝ አለኝ። የሶፋው ላስቲክ፣ በጋ መጥቶ ጭናችን ላይ እስኪጣበቅ ያላነሳነው። ብቻዬን ሳቅኩ።

ለሚሊዮን ደወልኩለት። እሑድ መሆኑን አስታወሰኝ፣ ግን መጣ። አየት አድርጎ ራሱን አከከ።

«እኔ እኮ አዲስነቷ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

በፒንሳ ቆረጣት። ውስጥ ያለው ሞላ ጠቅ ብሎ ተለቀቀ። «አሁን ደጋግመሽ ርገጪው» አለኝ። ረገጥኩ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ቀስ እያለ ቦታውን ሲይዝ ተሰማኝ። አንደኛ ያለ ድምፅ ገባች።

አባዬ ሲመጣ ማሰሪያዋን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለትና ነገርኩት። አገላብጦ አያት።

«ማቲዎስ ጋ ደውዪ።»

«ምን ልበለው?»

«ምስክሩ ታስሮ ነበር በዪው።»

የካቲት 8

እስከ ኮተቤ ነድቶ ተመለሰ። ነገ ጾም ስለሚገባ ሥጋ ሊገዛ ነው። ያፏጫል። ማቲዎስ በስልክ ይቅርታ ጠይቆታል፣ በራሱ መንገድ። «እንግዲህ በበዓሉ ቀን እናያለን» አለ።

ወንበሩ ግን አሁንም ወደ ፊት እንደተሳበ ነው። አየሁት።

የካቲት 16

ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ሄድኩ። መንገዱ ነጭ በነጭ ነው። እናቶች፣ ልጅ ያዘሉ፣ በዱላ የሚወጡ። መኪና የሚሄደው ሰው ሲፈቅድለት ነው።

እዚያው ጠመዝማዛ ላይ አስቆሙን። ከኋላ ሆኜ በወንበሮቹ መሃል የአባዬን ግራ ጉልበት አያለሁ። ይንቀጠቀጣል። ብዙ አይደለም። እትዬ ወለተጊዮርጊስ ከፊት ዝም ብለው ይጸልያሉ። እለፉ ተባልን። አባዬ አንገቱን ደፋ፣ ነዳጅ ሰጠ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ። ጎልፏ ተነሳች። ወደ ኋላ አንዲት ስንዝር አላለችም።

ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቆመ። «ተመስገን፣ እንደ ድሮህ» አሉት እትዬ። ለማቲዎስ ወዲያው ቴክስት ልኬለት ነበር፤ «ወጣ።»

ቅዳሴ ሲያልቅ ወደ መኪናው ስመጣ አባዬ ከፊት፣ በእትዬ ቦታ ተቀምጧል። እትዬ ከኋላ ናቸው።

«ቁልፉ እዚያው ነው» አለኝ። ወደ መሪው እያመለከተ።

«አሸንፈህ እኮ ነው።»

«ገመዱ ጥፋተኛ ነበር። ተፈርዶበታል።» ግራ ጉልበቱን አሻ። «እግሬም ጥፋተኛ ነው። ፔዳሉ ከባድ ሳለ ይገፋኝ ስለነበር እግሬ የት እንዳለ አውቀው ነበር። አሁን ቀለለ። መርገጤን አላውቅም፣ ናዝሬት። አይሰማኝም።»

«ግን እኮ ወጣህ።»

«የወጣሁት እግሬን እያየሁ ነው። መንገዱን አላየሁም።»

ያ ሁሉ ሰው ፊታችን ነበር። እናቶቹ። ልጅ ያዘሉት። አንገቱን ሲደፋ ጸሎት መስሎኝ ነበር።

እትዬ ከኋላ «ኪዳነ ምሕረትም ያየችው ይሄንን ነው፣ ይብቃህ ወልደ ሐዋርያት» አሉት፣ በቀስታ።

መሪውን ያዝኩ። ወንበሩን ወደ ኋላ ለመግፋት ስሞክር ዝጎ አልንቀሳቀስ አለኝ፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ከጎን ፈታልኝ። 

«በፎሌ፣ ማርሽ አውጥተሽ፣ እንዳትወርጂ። በሁለተኛ» አለኝ።

በሁለተኛ ወረድኩ።

የካቲት 17

ማቲዎስ «ቃሌ ቃል ነው፣ ሁለተኛ አላነሳም» ብሎ ደወለ። የቀረውን አልነገርኩትም። አባዬ ይንገረው። መኪናዋ አትሸጥም፣ ይኼን ብቻ አባዬ ቁርስ ላይ ተናግሯል።

የካቲት 24

መገናኛ በጎልፏ ሄድኩ። አደባባዩ ላይ ሁለቴ ጠፋችብኝ። የሰው ስድብ አይቀርም። ፍሪሲዮን አላቃጠልኩም።

መጋቢት 2

አባዬ ሪሞቱን ከላስቲኩ አወጣው። ቁጥሮቹ ይታያሉ።

መጋቢት 16

ቢሮ ከመግባቴ በፊት አድርሼ ልመለስ ብዬ ማልደን ወጣን። እትዬ ከኋላ፣ አባዬ ከጎኔ። ነጠላውን አስተካክሎ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጓል። ምክር የለም፣ ትእዛዝ የለም። 

ጉራራን እንዳለፍን ነው ያየሁት። ሁለተኛ ላስገባ ፍሪሲዮን ስረግጥ ግራ እግሩ ምንጣፉን ረገጠ። ሦስተኛ ላይም። ተመልሼ ሁለተኛ ስገባም። ፊቱን አየሁት፣ ወደ ባሕር ዛፉ ነው የሚያየው። መርገጡን አያውቅም መሰለኝ።

ጠመዝማዛው ላይ አህዮች ነበሩ። ቆምን። አለፉ። መንገዱ ባዶ ሆነ። እኔ ግን የአባዬን ግራ እግር እየጠበቅኩ አልተነሳሁም። እትዬ «ምነው?» አሉ።

«አንዴ፣ እትዬ።»

የአባዬ እግር ምንጣፉን ረገጠ። ያኔ እኔም ፍሪሲዮኑን ረገጥኩና አንደኛ አስገባሁ።