ካፖርቱ ውስጥ የቀረው ሟች

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለሟቹ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክ ልልህ ብዕር አንስቼ ነበር፤ የሞተን ሰው ጤና መጠየቅ ግን እንደ እኔ ላለች የማተሚያ ቤት አራሚ አይመጥንም። «በሚቀጥለው ወር እመለሳለሁ፤ ዕቃዬን እንዳትነካኪው» የሚለው ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለስድስት ወር ሥራ ብለህ ወጥተህ በሦስተኛው ዓመት የጻፍከው የመጀመሪያ ደብዳቤ ስለሆነ ሁለቴ አነበብኩት። ሦስት የፊደል ግድፈት አለበት። «ናፍቀሽኛል» የሚል ቃል ግን ፈልጌ አጣሁ፤ መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ይሆናል።

አሁን ስለ አሟሟትህ ላስረዳህ።

አምና ቁም ሣጥንህን ባዶ ላደርግ ቆረጥኩና መታጠፊያው ላይ ያለውን የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ጠራሁት። ሰውየው የማይነቃነቅ ሕግ አለው፤ በሕይወት ያለ ሰው ልብስ ባለቤቱ በእጁ ካልሰጠው አይገዛም።

«ባል ይጠፋል፣ ሚስት ትሸጣለች፤ ኋላ ባል ይመጣና እኔን ያንቀኛል» አለኝ። «የሟች ከሆነ ግን የሚስት ቃል ይበቃኛል።»

ካፖርትህን ክንዴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ነበር። «ሞቷል» አልኩት። ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም።

ነጋዴው ቆቡን አውልቆ «ነፍስ ይማር» አለ። ሲመሽ ሰፈሩ በሙሉ ያንኑ አለኝ። ስለ ደግነትህ ብዙ ሰማሁ። በቁምህ ሳለህ እንዲህ ተወደህ አታውቅም፤ ቀደም ብለህ ብትሞት ይሻልህ ነበር።

ካፖርቱን በቅርቡ ከነጋዴው የገዛው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ባለፈው ሳምንት እሑድ በሬን አንኳኳ። ካፖርቱን እንደ ታመመ ሕፃን ታቅፎታል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሟች መንፈስ ካፖርቱን አልለቀቀም።»

«ምን አደረገዎት?»

«ይህን ከለበስኩ ቤቴን አልፌ እሄዳለሁ። ሃያ ዓመት የገባሁበትን በር! ሚስቴ ስታዋራኝ ጣራ ጣራውን አያለሁ። ትናንት ‹ምን ሆነሃል?› ብትለኝ ‹ምንም› አልኳት። እኔ እኮ ወሬኛ ነኝ፣ እትዬ!»

መታወቂያ መጠየቅ አላስፈለገኝም። «እሱ ነው» አልኩት።

«እባክዎ ያነጋግሩልኝ። እርስዎን ይሰማል።»

«በሕይወቱ ሰምቶኝ አያውቅም።»

«አሁን መሄጃ የለውማ! ይሰማል።»

ካፖርቱን ወንበር ላይ አስደገፍነው። ሹፌሩ ጨዋ ነውና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ «ሰውየውን ልቀቀው» ብዬ ላበቃ ነበር የቆምኩት። ማን እንደ ገፋፋኝ አላውቅም፣ ስለ ፈነዳው ቧንቧ ነገርኩት። እናቴን ስቀብር አጠገቤ የቆመው መቃብር ቆፋሪው ብቻ እንደነበር ነገርኩት። የአዲሱን መነጽሬን ቁጥር ነገርኩት። ስልክ በጮኸ ቁጥር እስከ ዛሬ እንደምሮጥ፣ ሮጬም ደርሼ ድምፄን እንደማስተካክል ነገርኩት። ካፖርቱ ጣራ ጣራውን አላየም። ከአንተ ጋር ያደረግሁት ረጅሙ ጨዋታ ይኸው ነው።

ቀና ስል ሹፌሩ አፍንጫውን በመሐረብ ይጠራርጋል።

«ሄደ?» አለኝ።

«እሱ መሄድ አያቅተውም» አልኩት።

ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። ትናንት ከሥራ ስመለስ አውቶቡሱን አቁሞ በመስኮት ጮኸልኝ፤ ቀጥ ብሎ ቤቱ መግባት ጀምሯል፤ ሚስቱ ወሬው በዛብኝ ብላ እያማረረች ነው።

እንግዲህ ዕቃህ የለም፤ አንተም የለህም። የተቀበረ ሰው ሻንጣ ይዞ አይመጣም። እኔም የሰፈሩን ሁሉ ሐዘን ከበላሁ በኋላ ውሸታም ተብዬ ልዋረድልህ አልፈልግም። እንዳትመጣ።

ባለህበት አፈሩን ገለባ ያድርግልህ።

የሟች ሚስት

እንደ ልማድህ አልሰማ ብለህ ከመጣህ ግን በቀን ና፤ በማታ ጎረቤት ይደነግጣል። ቁልፉን ስለቀየርኩ ያንተው አይከፍትም። ደውል። እኔ ቤት የምገባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።