በሰኔ ሚካኤል ስላስቆፈሩን ቦይ

ነሐሴ 17 ቀን

ለክቡር አቶ ዳኛቸው
የጉና ግርጌ ውሃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የዘንድሮው ክረምት ጉልበትዎን፣ የስብሰባው ብዛት ወገብዎን፣ የእኛ የሠራተኞችዎ ነገርም ራስዎን እንዳላመመው ተስፋ እናደርጋለን። እኛ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማህበሩ አባላት፣ ከመድከማችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፋችን ክብርዎን ለመንካት አይደለም፤ በዝግ ፖስታ የላክንልዎ ሁሉ መልስ ስላጣ፣ ፖስታ መክፈቱ ለእጅዎ ከብዶት ይሆናል ብለን አስበን ነው።

ጉዳዩን እርስዎ ያውቁታል፤ ለማያውቀው አንባቢ ግን ከመነሻው እንናገር። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ ሰኔ አሥራ ሁለት፣ በዓመታዊው የቅዱስ ሚካኤል በዓል ዕለት፣ ከገሳይ ከተማ ወደ ጉና ተራራ ከፍ ብላ በምትገኘው በአምጃ ምንጭ ቀበሌ የቧንቧ መስመር ቦይ እንድንቆፍር አዘዙን። እርስዎም የዚሁ ደጋ ልጅ ነዎትና በበዓል ቀን ቢሮ ተቀምጦ ብዕር ማንሳት ሌላ፣ መሬት መቁረስ ሌላ መሆኑን አያጡትም። በታቦቱ ቀን መሬት ከተቆፈረ በረዶ ይወርዳል ብሎ የሚያምን አገር ነው።

የቧንቧ ሠራተኛችን ባምላኩ የአምጃ ምንጭ ተወላጅ ነው፤ ዛሬም የሚኖረው እዚያው፣ ከታመሙት እናቱ ከእመት ካሰች ጋር ነው። በዚያን ዕለት ጠዋት ስልክ ደውሎ «ጌታዬ፣ በሚካኤል መሬት ከቆረስን አገሬው አይምረንም፤ ለነገ ያድርጉልን» ብሎ ለመነዎት። እርስዎም «በጀት ታቦት አያውቅም፤ ዛሬ ያልቆፈረ ነገ ሥራ እንዳይገባ» አሉት። ልጆች ያሉን ሰዎች ነንና ቆፈርን። አያ ይሻው፣ የቀበሌው የእድር ዳኛ፣ ከቦዩ አፋፍ ቆመው «እናንተ ልጆች፣ ኧረ ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ተዉ ግድ የላችሁም ዶማውን ጣሉት» እያሉ ሲማጸኑ አንገታችንን ደፍተን ቆፈርን። ከሰዓት በኋላ በረዶው ወረደ፤ ያበበውን ድንች ሁሉ አጭዶት ሄደ።

በረዶው በዶማችን ምክንያት ወረደ ብለን አንከራከርም፤ ደመና የማዘዝ ሥልጣን በሥራ መደባችን አልተጻፈም። ድንቹ ያለቀበት ገበሬ ግን የአየር ጠባይ ትንበያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ማን እንደቆፈረ ነው። ቅሬታችንም የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

1ኛ. አያ ይሻውና ሌሎች ሽማግሌዎች ማን እንዳዘዘ ለመጠየቅ ከቢሮዎ ድረስ በእግራቸው መጥተው ነበር። ወንበር ስለሰጧቸው፣ ሻይም ስላስቀዱላቸው እናመሰግናለን፤ እንግዳ አክባሪነትዎን ማንም አይክደውም። ሻዩን እያስቀዱ ግን «እኔ አላዘዝኩም፤ ቶሎ ጨርሰው ሊያርፉ በራሳቸው ፈቃድ ነው የቆፈሩት» ብለው ነገሯቸው። ሻዩን ያቀረበችው እቴነሽ የማህበራችን አባል መሆኗን ዘንግተውት ይሆናል፤ ትሪውን ይዛ ከበሩ ሥር ቆማ እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች። ሽማግሌዎቹም የሥራ አስኪያጅን ቃል ከቧንቧ ሠራተኛ ቃል አስበልጠው አምነው ተመለሱ። እኛ የሌላ አገር ሰዎች ነንና ማሩን። ባምላኩን ግን ክርስትና የተነሳበትን ደብር እያወቀ ደፈረ ብለው ከእድር አስወጡት፤ ቤቱም ሰው እንዳይገባ፣ ለቅሶውም እንዳይደረስ ወሰኑ።

2ኛ. እንዲያ ተጣድፈን የቆፈርነው ቦይ ቧንቧው እስከ ዛሬ አልደረሰለትም። ምናልባት ቧንቧው በዓል ያከብር ይሆናል። ቦዩ ዝናብ ሞልቶት የእንቁራሪት መኖሪያ ሆኗል፤ በሪፖርትዎ ላይ ግን መቶ በመቶ ተብሎ ተጽፏልና ለዚህ ስኬት እንኳን ደስ አለዎት።

3ኛ. ማህበራችን ይህን ጉዳይ ሲያነሳ «ይህ የሰፈር ነገር ነው፤ ማህበሩ በሥራ ጉዳይ ላይ ያተኩር» የሚል ምክር ለግሰውናል። ምክሩን ተቀብለን የኅብረት ስምምነታችንን ደግመን አነበብነው። ጓንት ይገባናል፣ ቦቲ ጫማ ይገባናል፣ የዝናብ ልብስም ይገባናል ይላል። በአለቃው ትእዛዝ የሠራ ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ ሰላምታ የሚነፈግ ከሆነ ምን እንደሚለብስ ግን አይናገርም። ክቡር ሆይ፣ ሠራተኛው ከመሥሪያ ቤቱ በር ሲወጣ ሌላ ሰው አይሆንም። ቀን የቆፈረበትን እጅ ይዞ ነው ማታ ቤቱ የሚገባው፤ ጎረቤቱም ያንኑ እጅ ነው የሚያየው።

አራተኛ ብለን የምንቀጥለው ብዙ ነበረን፤ ደክሞናልና እንተወው። ስለ እመት ካሰች ብቻ እንንገርዎ። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ በአምጃ ምንጭ የሞተ ሰው ሁሉ ቤት ንፍሮ ቀቅለው፣ ውሃ ቀድተው፣ አልቅሰው የኖሩ ናቸው። አሁን አልጋ ላይ ሆነው የበሽታቸውን ነገር ትተው ልጃቸውን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ የኔን ሬሳ ማን ያወጣዋል?» እኛም ልንጠይቃቸው ሄደን ይህንኑ ሰምተን ተመልሰናል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሰምቶ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ካለ እንቀናበታለን።

ስለዚህ የምንለምንዎት በጀት የማይነካ ነገር ነው። በመጪው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከደብሩ ቅጽር በራፍ ቆመው ለአገሬው «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» እንዲሉልን ነው። ከዚህ በላይ አንድ ቃል መጨመር አያስፈልግዎትም፤ ይቅርታ መጠየቁም ከከበደዎ እኛ እንጠይቅልዎታለን። አያ ይሻው ቃልዎን በጆሯቸው ከሰሙ ባምላኩን ወደ እድሩ እንደሚመልሱት፣ እናቱም እንደ ሰው እንደሚቀበሩ ነግረውናል። መኪና ከቸገረዎ ከዚህ እስከ ገሳይ ድረስ የሚኒባስ ወንበር እንይዝልዎታለን፤ ከገሳይ በላይ ያለውን መንገድ ሽማግሌዎቹ እንደሄዱት በእግር ይሄዱታል።

ለትዕግሥትዎ፣ ለአመራርዎ ጥበብ፣ ለሪፖርትዎም ውበት ያለንን የማይነጥፍ አድናቆት እየገለጽን፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ በአዝመራዎ ላይ በረዶ እንዳይወርድ፣ በክፉ ቀንዎም ሰው እንዳያጡ እየተመኘን፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እንነሳለን።

ፈንታነሽ አያሌው
የቆጣሪ አንባቢ፣ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማህበሩ ሊቀመንበር
ስለ አባላቱ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ተጽፎ ማኅተም በመጠበቅ ላይ ሳለ እመት ካሰች ማረፋቸውን ሰማን፤ ስለዚህ እርስዎም ከእሑዱ ጉዞ አርፈዋል። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው። ከእድሩ የሚመጣ ሰው ስለሌለ፣ መቃብሩን የምንቆፍረውም ሬሳውን የምንሸከመውም እኛ የማህበሩ አባላት ነን፤ ከሥራ ገበታችን ስንቀር እንደ ደንቡ ይቀጡን። ማን አዘዛቸው ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ከመጣብዎም «እኔ አላዘዝኩም፤ በራሳቸው ፈቃድ ነው የቆፈሩት» ይበሉት። የአሁኑስ እውነት ነው።